ሰማንያ ላይ የሚነሳባት መኪና

መርካቶ የታመመ መኪና ይዛችሁ ስትገቡ አንድ ነገር ልብ በሉ። መኪናችሁ ላይ የሚገኘው በሽታ፣ የምትጠይቁት ነጋዴ መደርደሪያው ላይ መድኃኒቱን የያዘለት በሽታ ብቻ ነው። ጎማ ሻጩ ጎማው አልቋል ይላችኋል፤ ሞላ ሻጩ ሞላው ደክሟል ይላችኋል፤ የወንበር ልብስ የሚሰፋው ሰውዬ እንኳ ዝም አይልም፣ ወንበሩ ስለጎደጎደ ነው እንጂ መኪናው ምንም አልሆነም ብሎ ያጽናናችኋል። ማንም አይዋሽም። ሁሉም ከልቡ ነው፤ እኔን የጎዳኝም ይኸው ነው።

ፒካፔ አርጅታለች። ከጎጃም ማር ጭና ጎጃም በረንዳ ታራግፋለች፤ እኔንና ቤተሰቤን የምታኖረን እሷ ናት። ከተማ ውስጥ ጨዋ ናት። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ግን ሱሉልታ ሜዳ ላይ ደርሳ ሰማንያን ስትረግጥ ይነሳባታል። መጀመሪያ መሪው እጄ ላይ ይርገበገባል፣ ቀጥሎ ዳሽቦርዱ፣ ቀጥሎ የኔ ጥርስ። ፍጥነት ስቀንስ ይለቃታል።

ነገሩን ያከበዱት አማቴ እትዬ አስካለ ናቸው። ባላቸው ሾፌር ነበሩ፤ መንገድ ላይ ነው የቀሩት። ባለፈው ከደብረ ማርቆስ ስንመለስ ከጎኔ ተቀምጠው አብረውኝ ሲንቀጠቀጡ መጡና ገና ከመኪናው ሲወርዱ ፈረዱ።

“እስከ ቅዳሜው ጉዞ ካላዳንካት ትሸጣለህ። ልጄ እንደኔ ነጠላዋን ዘቅዝቃ አላያትም።”

በእኛ ቤት ይግባኝ የለም። ፈዋሽ ፍለጋ ወጣሁ። ሲኒማ ራስ አካባቢ ያለ መለዋወጫ ሻጭ መኪናዋን ሳያያት “ክሮቸራ ነው” አለኝ፤ ወደ ኋላ ጎማ የሚሄደውን ዘንግ የምታያይዘዋን መገጣጠሚያ ማለቱ ነው። ተቀየረች። ሰማንያ ላይ ተነሳባት። ሌላው ደግሞ ጥፋቱን መሪው ላይ ጣለውና እዚያም አንድ ዕቃ ተቀየረ። ተነሳባት። ጎረቤቴ ድምፁን ዝቅ አድርጎ “ብቻ የሰው ዓይን እንዳይሆን፣ ጸበል ብትሞክር” አለኝ። ሳቅኩበት። ከሁሉም ወደ እውነቱ የተጠጋው እሱ እንደነበር የገባኝ በኋላ ነው።

ዓርብ ከሰዓት አብነት ያለው ጎሚስታ ዘንድ ሄድኩ። ከድር ይባላል፤ ጎማዬ በተበሳ ቁጥር የሚጠግንልኝ እሱ ነው። ጎማዎቹን በየተራ አውጥቶ ባላንስ የሚሠራው ማሽን ላይ አሽከረከራቸው። የፊት ቀኙ ላይ ሲደርስ ጉድ ፈላ። ማሽኑ እዚህ ጋ ማመጣጠኛ እርሳስ ለጥፍ ይላል፣ ከድር ይለጥፋል፤ መልሶ ሲያሽከረክረው አይ፣ በዚያኛው በኩል ነው ይላል። ቸርኬው እርሳስ በእርሳስ ሆነ። ከድር ማሽኑን በጥፊ አለው፤ ማሽኑ ግን አልተመከረም።

“ውስጡ የሚንቀሳቀስ ነገር አለ” ብሎ ጎማውን ፈታው። አንዳች ነገር ተንቦጫቦጨ። ከድር ጎንበስ ብሎ አየ፤ ቀና ብሎ እኔን አየ፤ ከዚያ አንገቱን ደፋ።

“ውሃ ከየት ገባ?” አልኩት።

“ጋሼ፣ ውሃ አይደለም።”

“ምንድን ነው ታዲያ?”

“ጸበል ነው።”

መንቀጥቀጡ ሊጀምር ሰሞን ይኸው ጎማ ተበስቶ፣ እትዬ አስካለን ከድር ሱቅ አስቀምጬ ጎጃም በረንዳ ደርሼ ተመልሼ ነበር። ለካስ እኔ ዞር ስል ከቤተ ክርስቲያን የያዙትን ጠርሙስ አውጥተው፣ “ልጄ፣ ላዩን ብንረጨው መንገዱ ያጥበዋል፤ ውስጡ ይግባ” ብለውታል።

“ጠብ ጠብ የሚያደርጉ መስሎኝ ጎማውን ያዝኩላቸው” አለ ከድር። “ገለበጡት! እናት ሲጸልዩ ይብቃዎት እላለሁ እንዴ?”

ይኸውላችሁ፤ ያን ሁሉ መንገድ ሲያንዘፈዝፈኝ የከረመው ለራሴ የተጸለየ ጸሎት ነው። ልስቅ አልኩና ተውኩት። እኒህ ሴትዮ የፈሩት ለመኪናዋ አልነበረም።

ጎማውን ዘቅዝቄ ልደፋው ስል ከድር እጄን ያዘኝ። “እማማ ያመጡትን ነገር ግሪስ ላይ? ሰው በሚረግጠው? አይደረግም!” ጁምዓ ሰግዶ መምጣቱ ነበር። ጀሪካን አጥቦ አመጣ፤ ጎማውን ለሁለት አቅፈን ቀስ ብለን ጀሪካኑ ውስጥ ገለበጥንና አጥር ጥግ ካለችው ጽድ ሥር አፈሰስነው። ከድር የለጠፈውን እርሳስ ሁሉ ነቅሎ ጎማውን እንደገና ባላንስ አደረገልኝ።

ቅዳሜ እትዬ አስካለ ከጎኔ ተቀምጠዋል። ሱሉልታ ሜዳ። ሰማንያ። ዝም። ትንሽ ጨመርኩ። ዝም። የበሩን እጀታ ጨብጠው የቆዩት እጃቸው ቀስ እያለ ላላ።

“ምን ብታደርግላት ነው?” አሉኝ።

“የጸበሉ ነገር ነው፣ እማማ። ከድር ነግሮኛል።”

አንድም ቃል አልዋሸሁም።

ፊታቸው በራ። “እኔማ ጸበሉ መሥራቱ የዘገየብኝ ለአንዱ ጎማ ብቻ ስለደረሰው ነው ብዬ ነበር” አሉና ከእግራቸው ሥር ካለው ዘንቢል አንድ ትልቅ ጠርሙስ አወጡ። “ለቀሩትም ይዤላቸዋለሁ።”

መኪናዋ ጸጥ ብላ ትነጉዳለች። መሪውን የያዘው እጄ ግን መንቀጥቀጥ ጀመረ።