ተራራውን ያረሙት ጋሼ ፕሮፌሰር

ሁሉን አወቅ የሌለበት ሰፈር የለም። አለ ከተባለም ገና ሰው ያልሰፈረበት ባዶ መሬት መሆን አለበት። ከተራራው ሥር ያለው ሰፈር በዚህ በኩል አልተበደለም፤ ለእሱ የደረሱት ክቡር ጋሼ ፕሮፌሰር ነበሩ። ማዕረጉን የሰጣቸው ሰፈሩ ነው። ዕድሜያቸውን የጨረሱት አውቶቡስ ሲነዱ ሲሆን፣ መሪ ከጨበጡ ጀምሮ መንገድ ጠይቀው አያውቁም። ጠፍተው ግን ያውቃሉ።

የተራራውን መንሸራተት እንድታጠና የተላከችው ባለሙያ መጀመሪያ ያገኘችው እሳቸውን ነው። ገና ዕቃዋን ከመኪና አውርዳ ሳትጨርስ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው መጡ።

«ምን ፍለጋ ነው ልጄ?»

«ተራራው እየተንቀሳቀሰ እንደሆነ ለማየት ነው ጋሼ።»

«ከተንቀሳቀሰማ ምኑን ተራራ ሆነ?» አሉና ሳቁ። «ይልቅ እኔን ጠይቂኝ።»

አልጠየቀቻቸውም። እሳቸው ግን መመለሱን አልተዉም። የድጋፍ ግንቡ ሆዱ መነፋቱን ስታሳያቸው «ግንበኛው ሰነፍ ነው» አሉ። የመብራት ምሰሶዎቹ ቁልቁል ማዘንበላቸውን ስትነግራቸው «ነፋስ ነው» አሉ። የምንጩ ውኃ ሲደፈርስ «ከብት ረግጦት ነው» ብለው ፈረዱ። በዚያ ሰፈር ከብት ከታየ ዓመታት አልፈዋል።

አንድ ቀን ሻይ ሊያጠጧት ቤታቸው አስገቧት። በሩ አልገጥም ብሎ ታግለው ዘጉት።

«ደጋግሜ ላግሁት። አናጢው አታሎኛል።»

«የጎረቤቶቹም በር እኮ እንዲሁ ነው» አሉ ባለቤታቸው። «ሁሉንም የሠራው አንድ አናጢ ነው?»

«አናጢ ምን ጊዜም አንድ ነው» አሉ ጋሼ።

ባለሙያዋ ግን በሩን ስታይ ፍርሃቷ ጨመረ። በሮቹ የጠመሙት መሬቱ ከሥራቸው እየሄደ ስለሆነ ነው። ቁልቁለቱ ለጊዜው እንደ ደከመው ሰው ቀስ እያለ ነው የሚወርደው፤ ዝናብ ካራሰው ግን መሮጥም ይችላል። ይህንኑ ነዋሪውን ሰብስባ አስረዳች፤ ከሜዳው ማዶ ያለው ትምህርት ቤት ለመጠለያ እንደተዘጋጀም ነገረች። ሰው ሁሉ ራሱን ነቀነቀ፣ አመሰገናት፣ ቤቱ ገባ። ማን ዕድሜ ልኩን የሠራውን ቤት በወሬ ይለቃል?

ዝናቡ መጣ፤ መጥቶም ከረመ። ባለሙያዋ ከሰፈሩ በላይ ወዳለው ስንጥቅ ወጣች። በስንጥቁ ግራና ቀኝ የብረት ችካል ተክላ በመካከላቸው ያለውን ርቀት ትለካ ነበር። ጋሼ ጃንጥላ ይዘው ተከተሏት።

«ሜትሩን አላልተሽ ነው የያዝሽው። ወዲህ በይው!»

ሰጠቻቸው። ወጥረው ለኩ። መነጽራቸውን ጠርገው እንደገና ለኩ። ጠዋት ጣት ያስገባ የነበረው ስንጥቅ አሁን ጡጫ ያስገባል። የሷን ልኬት ቢሆን ይከራከሩት ነበር፤ በገዛ እጃቸው የለኩትን ግን ምን ይበሉት?

«ምን ቆመሽ ታይኛለሽ?» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ሰው አይነሳም እንዴ?»

ከዚያ በኋላ የሆነውን ባለሙያዋ በየትኛውም ትምህርት ቤት አልተማረችውም። ጋሼ ፕሮፌሰር በር ለበር ዞሩ። እሷ ማስረጃ ስታቀርብ የከረመችበትን ነገር እሳቸው በጭቅጭቅ ጨረሱት። «ነገ እናያለን» ያለው ልብስ ሰፊ የጋሼ ንግግር ማብቂያ ሲያጣበት የስፌት መኪናውን ተሸክሞ ወጣ። ከናዳው ይልቅ እሳቸውን የሸሸም አልጠፋ።

«ድሮም ብያለሁ» ይሉ ነበር በየደጁ። «ይቺንም ልጅ ያሳመንኳት እኔ ነኝ።»

ባለሙያዋ ልትመልስ አፏን ከፈተች። ወዲያው አንድ ጎልማሳ ፍራሽ ጭንቅላቱ ላይ፣ አሮጊት እናቱን በክንዱ ይዞ ሲያልፍ አየች። አፏን ዘጋች።

አመሻሽ ላይ ተራራው ወረደ። መጀመሪያ ድምፅ አልነበረውም፤ ዛፎቹ እንደቆሙ መራመድ ጀመሩ። ከዚያ የላይኛው ረድፍ ቤቶች አንድ በአንድ ናዳው ውስጥ ገቡ። ውስጣቸው ሰው አልነበረም። የጋሼ ቤት በላይኛው ረድፍ ነበር።

በማግስቱ ትምህርት ቤቱ ውስጥ ባለቤታቸው ባለሙያዋን ፈልገው መጡ።

«ይሄ ሰው ከትናንት ጀምሮ ትንፍሽ አላለም። እስቲ አንቺ አናግሪው።»

ጋሼ በልጆች አግዳሚ ወንበር ላይ ጉልበታቸውን አቅፈው ተቀምጠዋል። አጠገባቸው ተቀመጠች። ከተዋወቁ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ መልሱን የማያውቁትን ጥያቄ ጠየቋት።

«ልጄ፣ እዚያው ቦታ ላይ መልሶ መሥራት ይቻል ይሆን?»

«አይቻልም ጋሼ። መሬቱ ገና አላረፈም።»

እንዲከራከሯት ጠበቀች። ራሳቸውን ነቀነቁ እንጂ አልተከራከሩም። ስንት ሳምንት ሙሉ ዝም እንዲሉላት ስትመኝ ኖራ፣ አሁን ዝምታቸው አንጀቷን በላው። ካርታዋን ከቦርሳዋ አውጥታ ጭኗ ላይ ዘረጋችና ሆን ብላ ጣቷን የተሳሳተ ቦታ ላይ አሳረፈች።

«ናዳው የጀመረው ከምንጩ በታች ነው» አለች።

ጋሼ በጎን አዩ።

«ከምንጩ በታች?»

«አዎ።»

መነጽራቸውን ከኪሳቸው አወጡ። ካርታውን ቀስ ብለው ወደ ራሳቸው ሳቡት።

«አንቺ ልጅ፣ የት ነው የተማርሽው? ከምንጩ በላይ ነው እንጂ። ጠጋ በይ፣ ላሳይሽ።»

«እሺ ጋሼ፣ ያሳዩኝ» ብላ ተጠጋች። ያን ቀን እስኪመሽ ድረስ ተራራውን ከሥሩ ጀምራ እንደ አዲስ ተማረች።