የጋሼ ሙላው አፍ

ወይዘሮ በለጡ ማንጎውን በሁለት መዳፋቸው መሃል ያሹታል፤ ውስጡ እስኪለሰልስ። ጫፉን በቢላ ይቆርጡና ጭማቂውን በንጹሕ ሻሽ እያጠለሉ ብርጭቆ ውስጥ ያወርዱታል። በማንኪያ ጫፍ ይቀምሱታል። ከዚያ ማንኪያው ወደ ባላቸው ወደ ጋሼ ሙላው ከንፈር ይሄዳል። ጋሼ ሙላው ገና ሳይውጡት ወይዘሮዋ «ጣፍጦታል» ይሉናል።

በሽተኛ በተኛበት ቤት ሁሉ እንዲህ ያለ ሰው አይጠፋም። ማን እንደሾመው አይታወቅም፤ የሚሽረውም የለም። የእኛ ሰፈር ተሿሚ ክብርት ወይዘሮ በለጡ ናቸው። «እንዴት አደሩ ጋሼ?» ስንል «ደህና አድሯል» ይላሉ። ሐኪሙ የት እንደሚያማቸው ሲጠይቅም መላሿ እሳቸው ነበሩ። አንድ ቀን ጋሼ ሙላው ሲያስነጥሱ ጎረቤታችን ኡመር ሆን ብሎ ወደ ወይዘሮዋ ዞሮ «ይማርዎ» አለ። «ያኑርህ» አሉት፤ ፈገግም አላሉ።

ሐኪሙ ጉበታቸውን አይቶ ከእንግዲህ የሚደረግ ነገር እንደሌለ፣ ቤት ወስደው ሕመሙን እንዲያስታግሱላቸው ተናገረ። ክብርትነታቸው ግን ጉባ ግድቡ ላይ ከሚሠራው ልጃቸው ከሰራዊት ጋር በስልክ መክረው አዲስ አበባ ሊወስዷቸው ቆረጡ። የሚወስዳቸውን ሚኒባስ ወንበር ነቅዬ አልጋ የምገጥመው እኔ መካኒኩ ነኝ። መንገዱን አውቀዋለሁ፤ የጤነኛ ወገብ ያወልቃል። ቢሆንም ታዝዣለሁና ሜትሬን ይዤ ሄድኩ።

ከተረከዝ እስከ አናት ስለካቸው ጋሼ ሙላው ዓይናቸውን ገለጡ።

«ለሳጥን ነው?»

«ኧረ ለመኪና ነው ጋሼ። አዲስ አበባ ሊሄዱ አይደል?»

ለካ የነገራቸው ሰው የለም። ወይዘሮ በለጡ ሊመልሱልኝ አፋቸውን ሲከፍቱ ጋሼ ሙላው እጃቸውን አነሱ።

«በሰፈራው ጊዜ ከወሎ ሲያመጡኝም በመኪና ጭነው ነው። ያኔም የጠየቀኝ የለም። በለጡ፣ ከዚህ አታንሱኝ። እዚሁ ልሙት።»

ሜትሬን ጠቀለልኩ። ወይዘሮዋ ደጅ ወጥተው ለሰራዊት ደወሉ። ልጁ ሲጮህ ከስልኩ ይሰማል። «አባትህ አልሄድም አለ» ይሉታል ደግመው ደጋግመው፤ አይጨምሩበት፣ አይቀንሱለት። ጉንጫቸው ርሷል።

እኔም የመተኛዬ ቀን ሲደርስ እንዲህ ያለች ሴት ራስጌዬ ትቀመጥልኝ።

አሁን ጠያቂ ሲመጣ በር ላይ ያስቆሙታል። እናንተም ብትመጡ አይቀርላችሁም፦

«እንዴት አደረ ብላችሁ እኔን አትጠይቁኝ። ግቡና እሱን ጠይቁት። ቶሎ አይመልስም፤ ትንፋሹን እስኪሰበስብ ጠብቁት።»