የሐጂ ይማም አጥር

በ2014 ሚያዝያ፣ ማክሰኞ ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ፣ የፈጠራ ባለቤትነት መርማሪ ከአዲስ አበባ መርሳ ገባ። የመጣው ስልክ ጠጋኙ ሰይድ የሠራውን ስስ ሽፋን ሊመረምር ነው። ሽፋኑ ስክሪን ላይ ሲለጠፍ ብርሃኑን ወደ ፊት ብቻ ይለቃል፤ ከጎን የቆመ ሰው ጥቁር ነገር ብቻ ያያል። ሰይድ ይህን ያሰበው በጦርነቱ ጊዜ ስልኩን ከፈታሽ ዓይን ሲደብቅ ነው።

"የምስክር ወረቀት የምንሰጠው ከዚህ በፊት ላልነበረ ነገር ብቻ ነው" አለ መርማሪው።

አንባቢዬ፣ "ድሮም ነበረ" ሳይል የማይውል ሰው ያውቃሉ? የእኛው ጎረቤታችን ሐጂ ይማም ናቸው።

"ምኑ ነው አዲሱ? የአባቴ የአገዳ አጥር እንዲሁ ነበር። ፊት ለፊት ስትቆም ግቢው ይታይሃል፤ ከጎን ግን ግድግዳ ነው። ወይ የዚያን ጊዜ ግቢ!" አሉ ሐጂ ከደጃፉ ሆነው።

እውነት ለመናገር፣ እኔም በዚያ አጥር አጮልቄ ብርቱካናቸውን ስመኝ ነው ያደግሁት።

"አንቱ፣ በአላህ ዝም በሉ!" አለ ሰይድ።

መርማሪው እስክሪብቶውን አነሳ። "አጥሩ የታለ?"

የሐጂ ድምፅ ወረደ። "በጦርነቱ ወታደር አንድዶ ሻይ አፈላበት።"

"በዓይኔ ያላየሁትን አልመዘግብም። እስከ ዓርብ አጥር ካላየሁ፣ ከወልድያ ስመለስ የሰይድን ምስክር ወረቀት እፈርማለሁ።"

ረቡዕ ጠዋት ሐጂ ይማም ከግራና ከተማ በሁለት አህያ አገዳ አስጭነው መጡ። እስከ ዐሥር ሰዓት የአጥሩ ግማሽ ቆሞ ነበር።