በሩዝ የታሸገው ፖስታ

ጠመኔው «15 ለ» ላይ ደርሶ ተሰበረብኝ። በርጩማው ላይ እንደቆምኩ ሌላ ፍለጋ ኪሴን ስዳብስ ያ ድምፅ ከኋላዬ መጣ።

«ብዬ ነበር!»

የተሸናፊውን ነጥብ ገና አልጻፍኩም። ተሸናፊው ማን እንደሆነም አልጻፍኩም። ቴሌግራሙን በጥርሴ ነክሼ ይዤዋለሁ።

«ምን ብለው ነበር አጎቴ ኡዪ?» አልኩ በተነከሰው ወረቀት ሥር። ሰፈሩ ሁሉ «አጎቴ» ነው የሚላቸው።

«ይኸንኑ ነዋ!»

አንድ ሰፈር ሲቆረቆር ቀድሞ የሚደርሰው ነጋዴ ወይም ውኃ ቀጂ ይመስላችኋል። አይደለም። ቀድሞ የሚደርሰው «ብዬ ነበር» ባዩ ነው። ደርሶም መንደሩ እስኪያልቅ ይጠብቃል፤ ከዚያ «እዚህ ላይ መንደር ይቆረቆራል ብዬ ነበር» ይላል። የትም ከተማ ሂዱ፣ ታገኙታላችሁ። ጅብ ከሄደ የሚጮኸው ውሻ የሥጋ ዘመዱ ነው።

የእኛው፣ ክቡር ነቢየ ድኅረ ነገር ኡዪ ቴይክ ኪ፣ በፔናንግ ደሴት በኪምበርሊ መንገድ ጃንጥላ ይጠግናሉ። የምሠራበት ጋዜጣ ቢሮ ከሱቃቸው ፊት ለፊት ነው። የባድሚንተን፣ የላባ ኳሱ ጨዋታ፣ ውጤት ከለንደን ወይም ከኮፐንሃገን ሲመጣ ሰዉ ጋዜጣው እስኪታተም መጠበቅ ስለማይችል በር ላይ በጥቁር ሰሌዳ የምጽፈው እኔ ነኝ። የከተማችን ሰው ምሳው ቢያልፈው ይታገሣል፤ የነጠላ ግጥሚያ ውጤት ቢያልፈው ግን ቤቱ አይገባም። ስለዚህ ክቡርነታቸው በየሳምንቱ ጥሩ ጉባኤ ነበራቸው። ጃካርታ ያሸንፋል፣ «ብዬ ነበር»። ጃካርታ ይሸነፋል፣ «ብዬ ነበር»። አንድ ጊዜ ሁለት ውጤት አገላብጬ ጻፍኩ፤ «ብዬ ነበር» አሉ። አረምኩት። «ይኸንንም ብዬ ነበር» አሉ።

ባድሚንተን ብቻ አይደለም። ጃንጥላ ጠጋኝ ሆነው ጃንጥላ ይዘው ሲወጡ ያየ የለም። ዶፍ መትቷቸው ይገባሉ፤ ሸሚዛቸውን ደጃፉ ላይ እየጨመቁ «ይዘንባል ብዬ ነበር» ይላሉ። የጎረቤት ሠርግ በፈረሰ ማግስት ለሠርጉ የለበሱትን ልብስ ሳያወልቁ «ብዬ ነበር» ብለዋል። ጃፓኖች ደሴቲቱን በያዙ በሦስተኛው ቀን፣ ሰፈርተኛው ጉድጓድ ውስጥ ተጠጋግቶ ሲንቀጠቀጥ፣ ከጨለማው ጥግ «ይመጣሉ ብዬ ነበር» የሚል ድምፅ ተሰምቷል ይባላል። ያኔም ማንነቱን የጠየቀ አልነበረም።

በዚያ ዓመት ዓለም አቀፉ ውድድር ወደ እኛው ከተማ መጣ። ዴንማርኮች፣ ኢንዶኔዥያዎች፣ ሲያሞች፣ ሙቀቱን መቋቋም አቅቶት ፎጣ ጭንቅላቱ ላይ ጠምጥሞ የሚዞር አንድ አሜሪካዊም መጡ። ሐሙስ ጠዋት የመጀመሪያውን ዙር ድልድል ሰሌዳው ላይ ጻፍኩ። ከሴቶች ነጠላ ሦስተኛው መስመር እንዲህ ይላል፦ ዶርተ ሆልገርሰን፣ ዴንማርክ፣ ከኡዪ ጌክ ሊያን፣ ፔናንግ።

ጌክ ሊያን የአጎቴ ኡዪ ልጅ ናት። አንድ ልጃቸው። በሴቶች ትምህርት ቤት ሒሳብ ታስተምራለች፤ እናቷ ከሞተች በኋላ አባቷንም ታስተምራለች። ሆልገርሰንን ደግሞ በአገሯ ለሦስት ዓመት የረታት የለም።

አጎቴ ኡዪ መስመሩን አነበቡ። መነጽራቸውን አውልቀው ጠርገው እንደገና አነበቡ። ምንም አላሉም።

ያን ዝምታ ከመንገዱ ማዶ የሰማው ፀጉር አስተካካዩ ሴላፓን ነው። ምላጩን እንደያዘ፣ ግማሽ ፊቱ በአረፋ የተሸፈነ ደንበኛውን ወንበር ላይ ጥሎ ተሻገረ።

«አጎቴ ኡዪ! ዛሬ ምነው ምላስዎ ታሰረ?»

«ሥራ አለኝ።»

«ሥራማ ሁልጊዜ አለ። ሃያ ዓመት ሙሉ ‹ብዬ ነበር› ሲሉ ሰምተናል። አስቀድመው ሲሉ ግን አንድም ቀን አልሰማንም። እስቲ ዛሬ ይበሉ! ማን ያሸንፋል?»

«ሲሆን ታየዋለህ።»

«እሱንማ የኔም ፍየል ታየዋለች!»

ከአጎቴ ኡዪ ሱቅ አጠገብ ባለው ቡና ቤት በረንዳ ላይ ያለው ሁሉ ሳቀ። ባለ አረፋው ደንበኛም መጥቶ ሳቀ። ከየት እንደመጣ ያላየሁት ወረቀትና ፖስታ ቡና ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ተዘረጋ። የሴላፓን ሕግ አጭር ነበር፦ አሁን ይጻፉ፣ ይታሸግ፣ ከግጥሚያው ማግስት እዚሁ ይነበብ።

«ማን ጋር ይቀመጣል?» አሉ አጎቴ ኡዪ።

«ዙል ጋር ነዋ፤ ጋዜጠኛው ጋር። ይሄ ሰው ውጤት አይዋሽም።»

እውነቱን ነው። የገዛ ወንድሜ አሥራ አምስት ለዜሮ ሲሸነፍ ዜሮዋን በጉልህ ያሳተምኩ ሰው ነኝ። እናቴ እስከ ዛሬ ታነሣብኛለች።

እምቢ ይላሉ ብዬ ነበር። አጎቴ ኡዪ ግን ብዕሬን ተቀብለው ጀርባቸውን አዙረው ጻፉ። ለአንድ ስም ከሚበቃው በላይ ረጅም ጊዜ ጻፉ። ሙጫ አልነበረም፤ ከሰው ሳህን ላይ ሁለት ፍሬ የበሰለ ሩዝ አንሥተው በአውራ ጣታቸው ደፍጥጠው አሸጉት።

ግጥሚያው ዓርብ ከሰዓት ነበር። ላባ ኳሷን የሚያነቃንቅ ነፋስ እንዳይገባ መስኮቶቹ ሁሉ ተዘግተው አዳራሹ እንደ ምጣድ ጋለ። የሴቶች ጨዋታ በ11 ነጥብ ያልቃል፤ ጌክ ሊያን ከሦስቱ የመጀመሪያውን 11 ለ 8 ወሰደች። ሰዉ ወንበር ላይ ወጣ። በሁለተኛው 4 ለ 1 ስትመራ የሆነ ነገር ከበዳት፤ ሆልገርሰን ላባዋን መረቡ ሥር ጠብ እያደረገች አስሮጠቻት። 5 ለ 11። 3 ለ 11። አጎቴ ኡዪ በሩ አጠገብ የመጨረሻው ረድፍ ላይ ነበሩ። አላጨበጨቡም፣ አልጮኹም። ጠቅላላውን ግጥሚያ የልጃቸውን እግር ሲያዩ ነበር፤ ላባዋን አንድም ጊዜ አላዩም።

ቅዳሜ ጠዋት ቡና ቤቱ ሞልቶ ጠበቀኝ። አጎቴ ኡዪ ቡናቸውን የሲኒው ማስቀመጫ ሳህን ላይ ገልብጠው እያቀዘቀዙ ነው። ፖስታውን ከደረት ኪሴ ሳወጣ በሩ ጋ ጫጫታ ሆነ፤ ጌክ ሊያን ቀኝ ጉልበቷን በፋሻ ጠቅልላ እያነከሰች ገባች።

«አንቺ ማረፍ አልነበረብሽም?» አሉ አባቷ። ድምፃቸው ቀጥኗል።

«ሴላፓን ልኮብኝ ነው። አባባ፣ ስለ እኔ ትንቢት ጽፈሃል አሉ።»

«ይሄ ሰው ፂም ብቻ ቢላጭ ምን ነበረበት።»

«መስማት እፈልጋለሁ» አለች። ቀልድ አልነበረም። ከፊቴ ያለውን ወንበር ስባ ተቀመጠች።

ፖስታውን ቀደድኩ። እንዲህ ይላል፦

«ጌክ ሊያን ትሸነፋለች፤ ሁለት ለአንድ። የመጀመሪያውን ትወስዳለች። ከዚያ ቀኝ ጉልበቷ ይደክማል። ስትመራ ራኬቱን አንቃ ትይዛለች፤ ከልጅነቷ ጀምሮ ነው። እሷ ግን አታውቀውም።»

ቀና አልኩ። አጎቴ ኡዪ ሳህኑን ወደ አፋቸው ግማሽ መንገድ ላይ አቁመውታል። ዐይናቸው እኔ ላይ አልነበረም፤ ፋሻው ላይ ነበር። በሃያ ዓመት አንዴ፣ በጽሑፍ፣ በምስክር ፊት፣ አስቀድመው ብለው ነበር። መንደሩ ሁሉ አፉን ከፍቶ ይጠብቃል።

«‹ጌክ ሊያን ታሸንፋለች› ይላል» አልኩ። «‹ሁለት ለዜሮ›።»

ሁለት ለዜሮ ያልኩት ከዋሹ አይቀር ብዬ ነው።

ቡና ቤቱ ፈነዳ። ሴላፓን ጠረጴዛውን በጡጫ መታ። «ተያዙ! ነቢያችን ተያዙ! አምጣ እስቲ በዐይኔ ልየው!» ብሎ እጁን ወደ ወረቀቱ ዘረጋ። በዚያች ቅጽበት የአጎቴ ኡዪ እጅ ተንቀጠቀጠና የሳህኑ ቡና ሙሉ በሙሉ ወረቀቱ ላይ ፈሰሰ። ጃንጥላ ጠጋኝ ናቸው፤ እጃቸው በመርፌ ሥራ ላይ እንኳ ተንቀጥቅጦ አያውቅም። ቀለሙ ከቡናው ጋር ተደባልቆ ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ተንጠባጠበ።

«ውይ፣ እርጅና» አሉ።

«ማምለጫ የለም! ይበሉት፣ አጎቴ ኡዪ! ይበሉት!»

ተነሡ። ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ተሳስቻለሁ» አሉ።

ያን ቃል ከእሳቸው አፍ የሰማ ሰው በክፍሉ ውስጥ አልነበረም፤ ምናልባት ሚስታቸውም ሳይሰሙት ነው የሞቱት።

ጌክ ሊያን አባቷን ትክ ብላ አየቻቸው። «ሆልገርሰንን፣ በዚህ ጉልበት፣ ሁለት ለዜሮ? አባባ፣ ምን ነክቶህ ነው?»

«አባት ነኝ፤ ምን ላድርግ።»

ከአባቷ የዳቦ ሳህን ላይ የመጨረሻዋን የኮኮናት ማርማላታ የተቀባች ዳቦ አንሥታ በላች። ዐይኗ ቀልቷል። ዳቦዋን እስክትጨርስ ማንንም አላየችም።

ወደ ቢሮ ስሻገር አጎቴ ኡዪ ተከተሉኝ። ዝናብ ጀምሯል፤ ጃንጥላ አልያዙም።

«አትመጣም መስሎኝ ነበር» አሉ። «እቤት ተኚ ብያት ነበር የወጣሁት።»

«ካወቁ ለምን ጻፉት? ‹ታሸንፋለች› ብለው ጽፈው መገላገል ይችሉ ነበር።»

«ሃያ ዓመት ተሳቀብኝ፣ ዙል። አንድ ቀን እንኳ ልክ ልሁን ብዬ ነዋ። ሰው አይደለሁም?»

«እንዲህ የሚያውቁ ከሆነ ታዲያ አስቀድመው ተናግረው የማያውቁት ለምንድን ነው?»

«ቀድመህ ከተናገርከው ተጫዋቿ ትሰማለች።»

«ኮፐንሃገን ያሉትም?»

ቆሙ። ውኃው ከአፍንጫቸው ጫፍ ይንጠባጠባል። «ስለ እነሱማ ምን አውቄ! ስለ ዴንማርክም ስለ ጃካርታም የማውቀው ነገር የለም። የማውቀው እሷን ብቻ ነው። እሷን ሳይ ከኖርኩት በቀር ሌላው እንዲሁ ወሬ ነው።» ክንዴን ያዙኝ። «ያን የራኬት አያያዟን አንተ ንገራት። ከእኔ ከሰማች እልኸኛ ናት፣ ጭራሽ ታጠብቀዋለች። ካንተ ከሰማች ግን ጋዜጠኛ ታዝቦ ነው ትላለች።»

እስከዚያች ቅዳሜ ድረስ ይህን ሰው ከሰሌዳዬ አጠገብ የሚያርቅልኝ ባገኝ ደስ ይለኝ ነበር። ከዚያ ወዲህ ውጤት ስጽፍ ሱቃቸው ክፍት መሆኑን ሳላይ በርጩማው ላይ አልወጣም።

ለጌክ ሊያን ነገርኳት። በሚቀጥለው ዓመት ኢፖህ ከተማ ላይ በመጀመሪያው ዙር አንዲት የሲያም ተጫዋችን አሸነፈች፤ 7 ለ 11፣ 11 ለ 9፣ 11 ለ 6። በሁለተኛው ዙር ተሸንፋ ወጣች።