ለናሙና ስለቀረበው የወይዘሮ ዙህራ ጩኮ

በጅማ ከተማ የ«ንጋት» ቡና ለቃሚዎች ማኅበር የምግብ ጉዳይ ንዑስ ኮሚቴ ረቡዕ ኅዳር 9 ቀን 1974 ዓ.ም. መርካቶ፣ ከመጋዘኑ ጀርባ ባለው የማኅበሩ ክበብ ተሰብስቧል። የተጠራው ለ10 ሰዓት ሲሆን የተጀመረው 10 ሰዓት ከ45 ላይ ነው።

የተገኙ፦
ጓድ ለይኩን፣ ሊቀመንበር
ጓድ ዓለምብርሃን፣ የጤና ተጠሪ
አቶ ቲጃኒ፣ የኅብረት ሱቁ ኃላፊ
ወይዘሮ ትርፌ፣ የክበቡ ወጥ ሠሪ
እንድርያስ፣ ጸሐፊ (ድምፅ የለውም፤ ያለው እጅ ብቻ ነው)

ያልተገኙ፦
አቶ አባቦራ፣ ስብሰባ ስለሚቀነስበት ሁኔታ በሚመክር ሌላ ስብሰባ ላይ በመሆናቸው

ከአምስት ድምፅ ሰጪዎች አራቱ ስለተገኙ ምልዓተ ጉባኤ ተሟልቷል።

የጉዳዩ መነሻ፦ አመልካች ወይዘሮ ዙህራ በመጋዘኑ ጥቁሩን ቡና ከደህናው ስትለቅም የምትውል የሦስት ልጆች እናት ናት። ረቡዕ ረቡዕ ከሥራ በኋላ ስብሰባ፣ ከስብሰባ በኋላ መሠረተ ትምህርት ስላለባት፣ ቤቷ ስትደርስ እሳት ለማንደድ አቅሙም ፍላጎቱም እንደሌላት፣ ልጆቹም እሷን ሲጠብቁ ጦማቸውን እንደሚተኙ በማመልከቻዋ ገልጻለች። የጠየቀችው ለእንዲህ ያለው ቀን ሳይበስል የሚበላ፣ ለልጅ ጤና የሚስማማ ምግብ ክበቡ አዘጋጅቶ እንዲሰጥ ነው። ናሙና ያልቀረበበት ማመልከቻ አይታይም ስለተባለች አንድ ሳህን ሙሉ ጩኮ ይዛ ቀርባለች። ጩኮ የተቆላ ገብስ ዱቄት በቅመም ቅቤ ታሽቶ የሚሠራ ሲሆን፣ አንዴ ከተሠራ ወር ቢቀመጥም አይበላሽም።

አመልካች ጩኮው እናቷ ከሰቃ ከላከችላት የቀረው የመጨረሻው መሆኑን፣ የዛሬው የልጆቿም ራት እሱ መሆኑን ተናግራ፣ ተቀምሶ እንዲመለስላት ጠየቀች። ሊቀመንበሩ «ከማንኪያ ጫፍ አናልፍም» ሲሉ በጉባኤው ፊት ቃል ገቡ። በደንቡ መሠረት ባለጉዳይ በራሷ ጉዳይ ውይይት ላይ ስለማትገኝ፣ አመልካች ውጭ አግዳሚው ላይ እንድትቀመጥ፣ ሳህኑ ግን ጠረጴዛው ላይ እንዲቆይ ተደረገ።

አጀንዳ 1፦ የአጀንዳውን ስም ስለማጽደቅ

«ማብሰል ላልፈለጉ ሰዎች የሚሆን ጤናማ ምግብ» የሚለው ስም ተቃውሞ ገጠመው። ሊቀመንበሩ አለመፈለግ የንዑስ ከበርቴ ጠባይ እንደሆነ፣ ሠርቶ አደር ሊደክም ቢችልም ሊሰለች እንደማይችል በስፋት አብራሩ። ወይዘሮ ትርፌ ቀኑን ሙሉ ለሰው ወጥ ሲሠሩ ውለው ማታ የራሳቸውን ድስት ሲያዩ እንደሚያቅለሸልሻቸው፣ ከሠርቶ አደርነት እንዲሰረዙ ከተፈለገም በጽሑፍ እንዲነገራቸው አሳሰቡ። ከረጅም ውይይት በኋላ «ማብሰል ፈልገው ሁኔታው ላልፈቀደላቸው» እንዲባል ተወሰነ። ይህ ሃያ አምስት ደቂቃ ፈጀ። በዚሁ መሐል ጓድ ዓለምብርሃን ናሙናውን ቀመሱ።

አጀንዳ 2፦ የቆርቆሮ ዓሣ

አቶ ቲጃኒ ካለፈው ዓመት ጀምሮ በሱቁ የተቀመጠው የቆርቆሮ ዓሣ እሳት የማይፈልግ፣ ማጠብ የማይፈልግ፣ ያለቀለት ምግብ በመሆኑ ጥያቄውን ይመልሳል ሲሉ አንድ ቆርቆሮ አቀረቡ። ጓድ ዓለምብርሃን ቆርቆሮው ለምን እንዳበጠ ጠየቁ። አቶ ቲጃኒ ከይዘቱ ብዛት ነው ብለው መለሱ። ላዩ ላይ የተጻፈውን ማንበብ የቻለ አልተገኘም። መክፈቻም ስላልነበረ በቢላ፣ ቀጥሎም በበሩ ማጠፊያ ተሞከረ፤ አልተከፈተም። ወይዘሮ ትርፌ ለዚህ የሚፈጀው ጉልበት ሁለት ጊዜ ወጥ እንደሚሠራ ተናገሩ። ቆርቆሮው በትግል ላይ እንዳለ ተመዝግቦ ወደ ሱቁ እንዲመለስ ተወሰነ።

አመልካች በር አንኳኩታ አልቆ እንደሆነ ጠየቀች። ሊቀመንበሩ «እየተጠናቀቀ ነው» አሉ። ሳህኑ በዚህ ሰዓት ከግማሽ በላይ ነበረበት።

አጀንዳ 3፦ ስለ ጩኮው ይዘት

ሊቀመንበሩ ሃይማኖት በስብሰባ እንደማይነሳ ካስታወሱ በኋላ፣ የእርሳቸው ሆድ ረቡዕና ዓርብ ቅቤ እንደማይቀበል፣ ይህም የግል ሕመም ብቻ መሆኑን ገለጹ። ወይዘሮ ትርፌም ይኸው ሕመም ከነቀኑ እንዳለባቸው ተናገሩ። ጓድ ዓለምብርሃን እንዲህ ያለ ሕመም በጤና ኮርሳቸው ላይ አልተማሩም፤ ሆኖም ቅቤ በመኝታ ሰዓት ይከብዳል በማለት ደገፏቸው። ቅቤ እንዲወጣ ተወሰነ።

ቀጥሎ ጓድ ዓለምብርሃን ጨው ለደም፣ ቅመም ለጨጓራ እንደሚጎዳ አስረዱ። ጉዳቱን ለማረጋገጥም ሦስት ጊዜ ቀመሱ። ጨውና ቅመም እንዲወጡ ተወሰነ። አቶ ቲጃኒ ከምሳ በኋላ ምንም አልቀመስኩም ብለው ማንኪያውን ተቀበሉ፤ ማንኪያው አንድ ብቻ ስለነበር ለመመለስ ጊዜ ወሰዱ። ሊቀመንበሩ ቅቤ ያልነካው ቦታ ካለ ከዚያ ብቻ እንደሚቀምሱ አስታውቀው፣ ያንን ቦታ ሲፈልጉ ብዙ ቦታ አዳረሱ። ጸሐፊውም እጁ ደክሞት ስለነበር ሁለት ጊዜ ቀምሷል። ጣፋጭ ነበር።

ሳይቀምሱ የቀሩት ወይዘሮ ትርፌ ብቻ ነበሩ፤ እርሳቸውም ይህ የልጆች ራት መሆኑን አስታወሱ። ሊቀመንበሩ ማሳሰቢያው ጠቃሚ ስለሆነ በልዩ ልዩ አጀንዳ ሥር እንዲታይ አዘዙ።

ቅቤው፣ ጨውና ቅመሙ ከወጡ በኋላ የቀረው የገብስ ዱቄት በምን ይበላ የሚለው ተነሳ። በውሃ ተባለ። ጓድ ዓለምብርሃን ያልፈላ ውሃ ለልጅ አይሰጥም አሉ። ውሃ ለማፍላት እሳት ማንደድ ምግብ ማብሰል ነው ወይስ አይደለም በሚለው ላይ ጉባኤው ሁለት ለሁለት ተከፈለ፤ ሊቀመንበሩ በያዙት ተጨማሪ ድምፅ አይደለም ተባለ። በዚህም መሠረት የኮሚቴው ጤናማ ምግብ ዱቄትና ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ ሆኖ ጸደቀ። ዱቄቱንም ሆነ ውሃውን አመልካች ከቤቷ እንድታቀርብ፣ ክበቡ ደግሞ ሐሳቡን እንዲያቀርብ ተወሰነ። ተጨበጨበ።

አመልካች ለሁለተኛ ጊዜ አንኳኳች። መሽቷል፣ ልጆቹ ብቻቸውን ናቸው አለች። ሊቀመንበሩ ውሳኔው በእርሷ ጥቅም እየተረቀቀ ስለሆነ በትዕግሥት እንድትጠብቅ ነገሯት።

አጀንዳ 4፦ ልዩ ልዩ

አመልካች ገብታ ውሳኔው ተነበበላት። ቆማ እስከ መጨረሻው ሰማች። ከዚያ ከትምህርቱ ዛሬ እንደምትቀር ተናግራ ሳህኗን እንዲሰጧት ጠየቀች።

ሳህኑ ጠረጴዛው ላይ፣ ከቆርቆሮው ዓሣ ጀርባ ነበር። ማንኪያው ውስጡ ነበር። ሌላ ምንም አልነበረበትም። ጉባኤው ማን የመጨረሻውን እንደበላ ለማጣራት ቢሞክርም ሁሉም የቀመሰው በማንኪያ ጫፍ ብቻ መሆኑን አረጋገጠ። ሊቀመንበሩ ዕለቱ ረቡዕ መሆኑን እንደገና ያስታወሱት በዚህ ጊዜ ነው።

ወይዘሮ ዙህራ አልጮኸችም። ሳህኑን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችና እንዲህ አለች፦

«ጓድ ሊቀመንበር፣ ልጆቼ በር ላይ ተቀምጠው ነው የሚጠብቁኝ። እንግዲህ ቤት ድረስ ኑና ውሳኔውን እናንተው አንብቡላቸው።»

አቶ ቲጃኒ «ያ ረቢ» ብለው አንገታቸውን ደፉ። ጓድ ዓለምብርሃን አፋቸውን ጠረጉ። ጸሐፊው አፍሯል፤ ይህ እንዳይሰረዝ ራሱ ጠይቋል።

ወይዘሮ ትርፌ ፈቃድ ሳይጠይቁ ተነሥተው መቀነታቸውን አጠበቁ። «ሽሮውን እኔ እይዛለሁ። እናንተም ተነሡ፤ ዛሬ የምታበስሉት እናንተ ናችሁ» አሉ። ሊቀመንበሩ ይህ ሐሳብ በአጀንዳ አልተያዘም ለማለት ጀምረው ሳይጨርሱት ተዉት።

የመጨረሻ ውሳኔ

በአጀንዳ 1፣ 2 እና 3 ሥር የተወሰኑት ሁሉ በሙሉ ድምፅ ተሽረዋል። ቅቤው፣ ጨውና ቅመሙ ወደ ጩኮው ተመልሰዋል፤ ጩኮው ግን ሊመለስ አልቻለም። እሳት ማንደድ ምግብ ማብሰል መሆኑን ጉባኤው ተቀብሏል። ሳይበስል የሚበላ ምግብ እንዲመርጥ የተቋቋመው ይህ ኮሚቴ አሁኑኑ ወይዘሮ ዙህራ ቤት ሄዶ ራት እንዲያበስል፣ እርሷም ከልጆቿ ጋር ተቀምጣ እንድታይ ተወስኗል። ወይዘሮ ትርፌ ያዝዛሉ፤ አቶ ቲጃኒ ከገዛ ቤታቸው ዘይት ያመጣሉ፤ ጓድ ዓለምብርሃን ውሃ ይቀዳሉ፤ ጸሐፊው እንጨት ይፈልጣል፤ ሊቀመንበሩ ሽንኩርት ይልጣሉ። የረቡዕ ስብሰባም ከዛሬ ጀምሮ ቀርቷል።

ስብሰባው ከምሽቱ 1 ሰዓት ከ10 ላይ ተበትኖ በሰልፍ ወጥቷል።

ማስታወሻ፦ ሊቀመንበሩ ይህን ቃለ ጉባኤ የፈረሙት በወይዘሮ ዙህራ ቤት፣ በአራተኛው ሽንኩርት ላይ ሳሉ ስለሆነ፣ በፊርማው አጠገብ የሚታየው እርጥበት በሌላ እንዳይተረጎም አሳስበዋል።