የአቶ ሶቦትካ ሠንጠረዥ

በዚህ አገር ከየትኛውም መጠጥ ቤት ሁለት ነገር አይጠፋም። አንዱ የሚያንጠባጥብ ቧንቧ ነው። ሌላው ነሐሴ ላይ፣ ኳሱ ገና ሳይነፋ፣ «ዘንድሮ አለቀልን» የሚል ሰው ነው። ቧንቧውን የሚጠግን አንዳንዴ ይገኛል። ሰውየውን የሚጠግን ግን እስከ ዛሬ አልተገኘም።

የእኛው ክቡር አልፎንስ ሶቦትካ ይባላሉ። ሠላሳ ስድስት ዓመት የከተማችንን ትራም ነድተው ጡረታ ወጥተዋል። እኔ ከባንኮኒው ኋላ ሃያ ሁለት ዓመት ስቆም ብዙ ዓይነት ሰው ቀድቼ አጠጥቻለሁ፤ ሰካራም፣ ተሳዳቢ፣ አልቃሽ፣ ዘፋኝ። እንደ አቶ ሶቦትካ በደስታ ቀን የሚያዝን ሰው ግን አላየሁም።

ቡድናችን ኮንኮርዲያ ነው። ማሊያው ቢጫና ቡናማ ነው፤ ለምን እንደሆነ የሚያውቁት ሰዎች ሞተዋል። ከዐሥራ ሦስት ዓመት በፊት ከዋናው ሊግ፣ ከቡንደስሊጋው፣ ወርዶ ነበር፤ ተመልሶ ለመውጣት ዐሥራ አንድ ዓመት ፈጀበት። እነሆ ከተመለስን ሁለተኛ ዓመታችን ነበር።

የአቶ ሶቦትካ ሥልጣን የሚጀምረው ከግድግዳው ላይ ነው። በየዓመቱ ሐምሌ ላይ የኳስ መጽሔቱ ለአንባቢዎቹ ካርቶን በነፃ ይሰጣል። ካርቶኑ ላይ ከላይ እስከ ታች ዐሥራ ስምንት ስንጥቅ አለ፤ የየቡድኑ ዓርማ ያለባቸው የአውራ ጣት የሚያህሉ ካርዶች አብረውት ይመጣሉ። ቡድን ሲያሸንፍ ካርዱን ነቅሎ ወደ ላይ፣ ሲሸነፍ ወደ ታች መሰካት ነው። የቡንደስሊጋው ሠንጠረዥ በአዳራሹ፣ ከኮት መስቀያው በላይ ይሰቀላል። የታችኛው ሊግ ሠንጠረዥ ደግሞ ወደ ሽንት ቤት በሚወስደው ኮሪደር ላይ ነው፤ ተራ የሚጠብቅ ሰው የሚያነበው እንዳያጣ።

ቅዳሜ ማታ፣ ሬዲዮው የመጨረሻውን ውጤት ሲናገር፣ አቶ ሶቦትካ ይነሣሉ። መነጽራቸውን ያደርጋሉ። ጣታቸውን በመሐረብ ይጠርጋሉ። ከእኔ በርጩማ ተቀብለው ይወጣሉ። በዚያን ሰዓት ማንም አይስቅም፤ ቢራ እንኳ የሚያዝ ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው። እሑድ የሚጫወት ቡድን ካለ ካርዱን ግማሹን ብቻ ይሰኩታል፤ ሳምንቱ አላለቀማ። እሑድ ማታ ተመልሰው ይመጡና በአውራ ጣታቸው ሙሉውን ይገፉታል። እንዲህ ያለ ጥንቃቄ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ እንኳ አላየሁም።

አንድ ጊዜ ዴትሌፍ፣ ጣሪያ ሠሪው ደንበኛዬ፣ ለቀልድ ብሎ ኮንኮርዲያን አንደኛ ላይ ሰክቶት ተገኘ። አቶ ሶቦትካ ከጾም በፊት ካለው የካርኒቫል በዓል እስከ ፋሲካ አላናገሩትም።

«ካርቶን እኮ ነው፣ አልፎንስ!» አለ ዴትሌፍ በመጨረሻ።

«ትራምም ብረት ብቻ ነው» አሉት። «እስኪ ያለ ሐዲድ ንዳው።»

ደግሞም ቴሌቪዥን አይወዱም። «ቴሌቪዥን ኳሱን ያሳይሻል፤ እውነቱን የሚነግርሽ ሬዲዮ ነው» ይሉኛል። እኔ ትምህርት ያቆምኩት በዐሥራ አምስት ዓመቴ ስለሆነ ከእሳቸው ጋር ክርክር አልገጥምም። ኳስም አይገባኝም። ሃያ ሁለት ሙሉ ሰው አንድ ኳስ ላይ ምን እንደሚጣሉ፣ ለየራሳቸው ቢሰጧቸው ምን እንደሚቸግር ጠይቄ የመለሰልኝ የለም።

ባለፈው ነሐሴ በመጀመሪያው ጨዋታ ኮንኮርዲያ አራት ለባዶ አሸነፈ። ቤቱ በዘፈን ተናወጠ። አቶ ሶቦትካ ብቻቸውን እንደ ቀብር አስፈጻሚ ቆመው ነበር።

«ምን ሆኑ? አሸነፍን እኮ!» አልኳቸው።

«ማዘናጊያ ነው» አሉኝ።

ጥቅምት ላይ ሰባተኛ ሆንን። ያኔ ጭራሽ ባሰባቸው፤ ራት እንኳ አልበላ አላቸው። ሠላሳ ስድስት ዓመት ቁልቁለት የነዳ ሰው ያውቃል፣ ፍሬን የሚያዘው ቁልቁለቱ ሳይጀመር ነው አሉን። «ከዐሥራ ሰባተኛ የወደቀ ይጋጋጣል። ከሰባተኛ የወደቀ ነው የሚሰበረው።»

በዚያው ሰሞን ዴትሌፍ ልጁን ሲድር፣ ክቡርነታቸው ብርጭቆ አንሥተው እንዲመርቁ ተጋበዙ። ሙሽሮቹን ለረጅም ጊዜ ተመለከቱ። «አጀማመራችሁ ጥሩ ነው» አሏቸው። «ሁለተኛውን ዙር ደግሞ እናያለን።» ሙሽራይቱ አለቀሰች። አባትየው ግን ከወንበሩ እስኪወድቅ ሳቀ።

ታኅሣሥ ላይ ሊጉ ለበረዶው ወራት ሲዘጋ አቶ ሶቦትካ የሚያሰልፉት ካርድ አጡ። በየቅዳሜው ይመጡና ዐሥራ ስምንቱን ካርዶች አንድ በአንድ አቧራቸውን አራግፈው ይመልሷቸው ነበር።

ከጥር በኋላ እሳቸው ያሉት ሁሉ ደረሰ። ዐሥር ጨዋታ ያለ አንድ ድል አለፈ። ዘጠነኛ፣ ዐሥራ ሁለተኛ፣ ዐሥራ አራተኛ፣ ዐሥራ አምስተኛ። ሌላ ሰው ቢሆን «አላልኳችሁም?» ይል ነበር። እሳቸው ግን ቡድኑ በወረደ ቁጥር እየለዘቡ ሄዱ። የተቆጣውን ያጽናናሉ፣ አሰልጣኙን ለሚሰድበው «ተወው፣ እሱም እናት አለው» ይላሉ። መጋቢት ላይ «አለቀልን» ማለቱንም ተዉት። ያኔ ነው እኔ የፈራሁት።

ሚያዝያ ላይ ወደቁ። ኮንኮርዲያ ማለቴ አይደለም፣ ራሳቸው አቶ ሶቦትካ። የመሪውን ቡድን ካርድ አንደኛ ላይ ሊሰኩ ሲንጠራሩ በርጩማው ከዳቸው፤ ዳሌያቸው ተሰበረ። አምቡላንስ እስኪመጣ ወለሉ ላይ ተጋድመው፣ ፊታቸው እንደ ኖራ ነጥቶ፣ ጣታቸውን ወደ ግድግዳው ቀሰሩ።

«ሮስቪታ! ግማሹ ነው የገባው! ግፊው!»

«አይንቀሳቀሱ እባክዎ!»

«ዛሬ ነው የተጫወቱት፣ ጨርሰዋል! ሙሉውን ግፊው!»

ገፋሁት። ካርዶቹን ስነካ የመጀመሪያዬ ነበር።

ሆስፒታል ልጠይቃቸው ሄድኩ፤ የሚወዱትን ድቡልቡል የሥጋ ጥብስ ከሰናፍጭ ጋር ይዤላቸው። ሠንጠረዡን በይፋ አስረከቡኝ። ነጥብ እኩል ሲሆን የግብ ልዩነት እንደሚታይ አስረዱኝ፤ ጣት መጥረግ እንዳልረሳ አስማሉኝ። ከዚያ ጥብሱን ሳይነኩት ወደ መስኮቱ ዞሩ።

«ባለፈው ስንወርድ ለመመለስ ዐሥራ አንድ ዓመት ፈጀብን» አሉ።

«አውቃለሁ።»

«ያኔ ስድሳ ስድስት ዓመቴ ነበር፣ ጠበቅሁ። አሁን ሰባ ዘጠኝ ነኝ፣ ሮስቪታ።»

ስሌት አልወድም። ይህን ግን ሳልፈልግ ደመርኩት።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ኮንኮርዲያ ሦስት ለአንድ ተሸንፎ ዐሥራ ሰባተኛ ሆነ፤ ያ ማለት ወራጅ ነው። ሬዲዮው ሲጨርስ ቤቱ ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። ጣቴን ጠረግሁ፣ በርጩማ አያስፈልገኝም፣ ታች ነው። ካርዱን ያዝኩት። ቢጫና ቡናማ። ነቅዬ ወደ ታች ማውረድ ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ።

እጄ እምቢ አለኝ። ዐሥራ አምስተኛው ላይ ተውኩት።

ውሸት ደግሞ ብቻውን አይቆምም። ኮንኮርዲያ ካልወረደ ሌላ ሰው መውረድ አለበት። ምንም ያላጠፋ፣ እኔ ረግጬው የማላውቀው ከተማ ቡድን በእጄ ወራጅ ሆነ። የዚያ ከተማ ሰዎች ይቅር ይበሉኝ። ዴትሌፍ ቢራውን ይዞ መጣና ሠንጠረዡን ከላይ እስከ ታች አነበበ። አሁን ያስቅብኛል ብዬ ስጠብቅ አፉን በእጁ ጠረገ።

«ትክክል ነው» አለ፣ ቤቱ እንዲሰማው ጮክ ብሎ። «ሌላ ነገር የሚታየው ሰው አለ?»

ማንም አልነበረም።

ማታውን ስልኩ ጮኸ።

«የት አደረግሽን?» አሉኝ አቶ ሶቦትካ።

«ዐሥራ አምስተኛ።»

ትራሳቸው ሥር ትንሽ ሬዲዮ እንዳለች አውቃለሁ፤ ያመጣሁላቸው እኔው ነኝ።

«ዐሥራ አምስተኛ» አሉ ቀስ ብለው። «ግማሹን ነው ወይስ ሙሉውን?»

«ሙሉውን ገፍቼዋለሁ።»

«ደግ አደረግሽ» ብለው ዘጉት።

እስከ ግንቦት ድረስ በየቅዳሜው እንዲሁ ሆነ። ይጠይቁኛል፣ ዐሥራ አምስተኛ እላቸዋለሁ፣ ደግ አደረግሽ ይሉኛል። ሁለታችንም በሕይወታችን እንዲህ አምሮብን ዋሽተን አናውቅም።

በመጨረሻው ቅዳሜ ሁሉም ቡድኖች በተመሳሳይ ሰዓት ይጫወታሉ። ዴትሌፍ አቶ ሶቦትካን በሥራ መኪናው፣ ከመሰላሉና ከጣሪያ ክዳኑ ጋር ጭኖ አመጣቸው። በክራንች ገቡ። ሠንጠረዡን ቀና ብለው አዩት፤ ዓይናቸው ዐሥራ አምስተኛው ላይ ቆየ። ከዚያ ከሬዲዮው አጠገብ ተቀመጡ።

ማሸነፍ ነበረብን፤ አቻ አይበቃንም። መጀመሪያ ገባብን። ከዕረፍት በኋላ አገባን። አንድ ለአንድ። ተናጋሪው ከአንዱ ስታዲየም ወደ ሌላው እየዘለለ ወደ እኛ በተመለሰ ቁጥር ዴትሌፍ ክንዴን ይጨብጠኛል። በተጨማሪው ደቂቃ አንዱ ልጃችን ኳሱን በጭንቅላቱ ገጨው። ተናጋሪው ጮኸ፣ እኛም ጮኽን። እኔ ራሴ፣ ኳስ የማይገባኝ ሴትዮ፣ የያዝኩትን ብርጭቆ ለቀቅሁት። ኳሱ ግን የመታው ብረቱን ነበር። ከዚያ ፊሽካው ተነፋ።

አቶ ሶቦትካ በክራንቻቸው ተነሡ። ማንም ሊደግፋቸው አልደፈረም። ጣታቸውን ጠረጉ። ካርዱን ከዐሥራ አምስተኛው ነቀሉት።

«የማነው ስሌት?» አሉኝ ሳይዞሩ።

«የእኔ ነው።»

«መጥፎ ስሌት ነው» አሉ። ድምፃቸው ግን የሚያመሰግን ሰው ድምፅ ነበር። ከዚያ ካርዱን በጥርሳቸው ነክሰው፣ እጃቸው ክራንች ይዞ የለ፣ ቀስ እያሉ ወደ ኮሪደሩ ሄዱ። የታችኛው ሊግ ሠንጠረዥ ሞልቷል፤ ካርዱን በካርቶኑ ጠርዝ ሻጥ አደረጉት። በጓሮ በር ወጡ። «አለቀልን» እንኳ አላሉም።

«ቢሰድበን ይሻለኝ ነበር» አለ ዴትሌፍ።

ሰኔ ሙሉውን አልመጡም። ሐምሌም ገባ። ስልክ ስደውል «ዳሌዬ ነው» ይሉኛል። ዳሌያቸው እንዳልሆነ ሐኪማቸውም ያውቅ ነበር።

አዲሶቹ ካርቶኖች ከመጽሔቱ ጋር ሲመጡ መጠጥ ቤቱን አንድ ጠዋት ዘግቼ መዶሻ አነሣሁ። የቡንደስሊጋውን ሠንጠረዥ፣ ከነሻምፒዮኑ ከነክብሩ፣ ሽንት ቤት ኮሪደር ላይ ሰቀልኩት። የታችኛውን ሊግ አዳራሹ ውስጥ፣ ጥሩ ብርሃን ያለበት ቦታ፣ በአንድ አጭር ሽማግሌ ደረት ልክ መታሁት። በርጩማውን ምድር ቤት አስገብቼ ቆለፍኩበት። ከዚያ ደወልኩ።

«አቶ ሶቦትካ፣ ካርዶቹ በፊደል ተራ መሰካት አለባቸው። እኔ ደግሞ ፊደል ከተውኩ ቆይቻለሁ። ዴትሌፍ ልሰካው እያለ ነው።»

«እንዳይነካው!» አሉ። ሩብ ሰዓት አልፈጀባቸውም፤ በከዘራ ናቸው፣ እየሮጡ ነው ማለት ይቻላል።

በር ላይ ቆመው ግድግዳውን አዩ።

«ሻምፒዮኖቹስ የት ሄዱ?»

«ሽንት ቤት ደጃፍ ናቸው። ተራ ይጠብቃሉ።»

በሃያ ሁለት ዓመት እንዲህ ሲስቁ ሰምቼ አላውቅም፤ ሳቃቸው ወደ ሳል ተለወጠ፣ ዴትሌፍ ጀርባቸውን መታ መታ አደረጋቸው። ከዚያ መነጽር፣ መሐረብ፣ ጣት። ዐሥራ ስምንቱን ካርዶች፣ ሳይንጠራሩ፣ አንድ በአንድ ሰኩ። ወደ ኋላ አንድ እርምጃ ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ዘንድሮ አንወጣም» አሉ።

ቤቱ በጭብጨባ ተናጋ። ዴትሌፍ ሳይታዘዝ ቢራ ቀዳ፣ ያውም የእኔን ቧንቧ ከፍቶ። እኔ ግን ጀርባዬን ሰጥቼ ብርጭቆ አጥብ ነበር፤ ያጠብኩትን ደግሜ አጥብ ነበር።

«ካርቶኑ ደግሞ ዘመም ብሏል» አሉኝ ከኋላዬ። «ለሚመጣው ዓመት ትንሽ ዝቅ አድርጊው። ሰው ሲያረጅ ያጥራል።»

እርሳስ ከጆሮዬ ላይ አንሥቼ፣ ከካርቶኑ አንድ ስንዝር ዝቅ ብሎ፣ ግድግዳው ላይ ምልክት አደረግሁ። ከሥሩም ሌላ። ከዚያም ሌላ፣ እስከ ወለሉ ድረስ።