ሦስተኛዋ ኦይ

ግድግዳ ከፍቶ ዝም የሚል ሠራተኛ እስከ ዛሬ አልተፈጠረም። ሐኪም ሆድ ከፍቶ ዝም ይላል፤ ዳኛም መዝገብ ከፍቶ ዝም ይላል። ቤት አዳሽ ግን፣ በተለይ የኔታንያ ቤት አዳሽ፣ አንዲት ሴራሚክ ነቅሎ ከኋላዋ ያለውን በቅጡ ሳያይ ሙሾውን ይጀምራል። በዕብራይስጥ ሺፑጽኒክ ይሉታል። ዋጋ በሚናገርበት ቀን እንደሱ ያለ ለጋስ የለም። ሥራው መሐል ሲደርስ ግን በየማለዳው መርዶ ይዞ ይመጣል። ይህን ሰው የማያውቅ ካለ ወይ ቤት የለውም፣ ወይ ቤቱ ገና አልተበላሸበትም።

ለእማማ ፈንታዬ የደረሳቸው ጊዶን የሚባለው ነበር። ክቡር ጊዶን ኀምሳ ዓመት ያለፈው፣ ሆዱ ቀድሞት በር የሚገባ፣ ከጆሮው ላይ እርሳስ የማይለየው ሰው ነው። በእርሳሱ ሲጽፍ ያየው ግን የለም። ወንድ ይሁን ሴት፣ ሽማግሌ ይሁን ሕፃን፣ ሰውን ሁሉ «ነሻማ» ብሎ ነው የሚጠራው፤ ነፍሴ እንደማለት ነው። የእማማ ፈንታዬን መታጠቢያ ቤት ከበሩ ላይ ቆሞ አየ፣ ግድግዳውን በጣቱ ሁለት ጊዜ አንኳኳና «ስድስት ሺህ ሼኬል፣ ነሻማ። ዕቃውም ጉልበቱም፣ ሃኮል ካሉል፣ ሁሉም ያለበት» አለ። ልጃቸው ያኤል ሁለት ሌሎች ሠራተኞች ጠይቃ ነበር፤ የሁለቱም ዋጋ ከዚህ ይበልጥ ነበር። ተጨባበጡ።

ችኮላው የመጣው በአባ አለነ ምክንያት ነው። አባ አለነ የእማማ ፈንታዬ ባል ናቸው፤ ጎንደር አገር ቤት ሳሉ ማረሻና ማጭድ የሚቀጠቅጡ ባለ እጅ ነበሩ። ደረጃ ላይ ወድቀው ዳሌያቸው ተሰብሮ ማገገሚያ ሆስፒታል ተኝተዋል። ሐኪሞቹ ከሁለት ሳምንት በኋላ ዓርብ ዕለት ወደ ቤት እንልካቸዋለን ብለዋል። ብቻ እግራቸውን አንሥተው የመታጠቢያ ገንዳ ውስጥ መግባት አይችሉም።

አባ አለነ ደግሞ ዓርብ ሳይታጠቡ ሰንበትን ተቀብለው አያውቁም። አገር ቤት ሳሉ ወንዝ ይወርዱ ነበር። ሱዳን መጠለያ ውስጥ፣ ውኃ በወረፋ በሚታደልበት በዚያ ክፉ ዘመን እንኳ፣ ከሚጠጡት ቀንሰው አንዲት ጣሳ ለዓርብ ያስቀምጡ ነበር። ሆስፒታል ነርሷ «ላጥብህ» ስትላቸው መጋረጃውን ጨምድደው ይዘው አልለቅም አሉ። ለሚስታቸውም በስልክ ቁርጡን ነገሯቸው። «እንደ ሕፃን የሚያጥበኝ ሰው አልሻም። አንቺም ብትሆኚ። ወይ በራሴ እጅ እታጠባለሁ፣ ወይ ከዚሁ አልመጣም።»

እማማ ፈንታዬ ባላቸውን ኀምሳ ዓመት ያውቋቸዋል። አልመጣም ካሉ አይመጡም። ስለዚህ ገንዳው ወጥቶ፣ ወለሉ ተስተካክሎ፣ ግድግዳው ላይ የእጅ መያዣ ብረት ተተክሎ እስከ ዓርብ መድረስ አለበት።

በመጀመሪያው ቀን ገንዳው ወጣ። ጊዶን ጎንበስ ብሎ ከሥሩ የነበረውን ወለል አየና ረዘም አድርጎ አፏጨ። ከዚያ ያቺ ሙሾ መጣች።

«ኦይ፣ ኦይ፣ ኦይ! ይህን ማን ሠራላችሁ?»

እማማ ፈንታዬ ተሸማቀቁ። ቤቱን የገዙት እንዲሁ ተሠርቶ ነው፤ እሳቸው አንዲት ድንጋይ አላስቀመጡበትም። ሆኖም በሌሊት ተነሥተው ራሳቸው ያበላሹት ያህል አፈሩ። «ተዳፋት የለውም፣ ነሻማ» አለ ጊዶን፣ ዘመድ እንደሞተበት ሰው ራሱን እየነቀነቀ፤ «ውኃው ወዴት ይሂድ? ወደ ሳሎን?» አምስት መቶ ተጨመረ።

በሦስተኛው ቀን ከሴራሚኩ ሥር ያለው አሸዋ ርጥብ ሆኖ ተገኘ። ኦይ፣ ኦይ፣ ኦይ። አሸዋው ተዝቆ መውጣት አለበት፤ አዲስ አሸዋ ደግሞ በነፃ አይሰጥም፤ እሱንም ሦስት ፎቅ የሚሸከመው ወገብ አለ። ይህም ተጨመረ። ክቡርነቱን የሚያስመሰግነው አንድ ነገር፣ ጭማሪውን ሲናገር ከራሱ ኪስ የሚወጣ ያህል ፊቱ ላይ የሚታየው ኀዘን ነው። እማማ ፈንታዬ ሁለቱንም ጊዜ አዝነውለት ከፈሉ። ደግሞስ ምን ያድርጉ? ወለሉ የተነቀለ መታጠቢያ ቤት ታቅፎ ከሠራተኛ ጋር የሚጣላ ሰው የለም። የሺፑጽኒክ ብልኀቱም እዚያ ላይ ነው፤ ዋጋ የሚጨምረው መመለሻዎ ከተቆረጠ በኋላ ነው።

በሁለተኛው ሳምንት ሰኞ ማታ ያኤል ፖሌግ ካለው ሥራዋ ስትመለስ ጊዶን በመታጠቢያ ቤቱ በር ላይ ኦይ እያለ ደረሰች። በሩ ወደ ውስጥ የሚከፈት ስለሆነ ሽማግሌው ከነመራመጃ መደገፊያቸው መግባት አይችሉም፤ መገልበጥ አለበት፤ መገልበጡም ስምንት መቶ ሼኬል ነው።

«ማ ዜ፣ ምንድን ነው ይኸ፣ ጊዶን? ሃኮል ካሉል አላልክም?» አለች ያኤል።

«ብያለሁ። ግን ያኔ በሩን አላየሁትም።»

«በሱ አይደል እንዴ የገባኸው?»

ጊዶን ተቀየመ። ሃያ አምስት ዓመት ስሠራ ሌባ ያለኝ የለም አለ። ሌባ ያለውም ሰው አልነበረም። ያኤል ደግሞ ፍርድ ቤት እከስሃለሁ አለች። እሱ የግንበኛ ማንኪያውንና መዶሻውን እያንኳኳ ባልዲ ውስጥ መጣል ጀመረ፤ «ሌላ ሰው ፈልጉ!» እማማ ፈንታዬ የተቆፈረውን ወለል አዩ። ዓርብ አራት ቀን ቀርቶታል። ባላቸው መጋረጃ ጨምድደው ዐይናቸው ላይ መጡባቸው። ያኔ በቤቱ ውስጥ ተሰምቶ በማያውቅ ድምፅ፣ በአማርኛ ተናገሩ።

«ቁጭ በል፣ ልጄ። ዋስ ጥራ።»

እማማ ፈንታዬ ባደጉበት አገር ሁለት ሰዎች ሲዋዋሉ በመሐላቸው ሦስተኛ ሰው ይቆማል። በሬ ሲሸጥም፣ የተጣላ ሲታረቅም «ዋስ ጥራ» ይባላል። የተጠራውም ሰው፣ ቃሉን ቢያጥፍ ዕዳው የኔ ነው ብሎ ይገባለታል። ስለዚህ የሚጠራው ባለ ገንዘብ ሳይሆን ባለ ውሉ የሚያፍረው ሰው ነው። በኔታንያ የኮንትራት ወረቀት ሞልቷል፤ እማማ ፈንታዬ ወረቀት የሚያፍር ሰው ግን አላጋጠማቸውም።

ያኤል የዕብራይስጥ ቃሉን ፈልጋ አገኘችው። «አሬቭ ነው የምትለው። እናቴ አሬቭ ትፈልጋለች።» በእስራኤል ቤት የተከራየ ወይም ከባንክ የተበደረ ሁሉ ይህን ቃል ያውቃል። ጊዶን ቁጣው በሣቅ ጠፋ። «ለሻወር ዋስ? እኔን ማን ይዋሰኛል፣ ነሻማ? እናቴ ካልሆነች በቀር!»

እማማ ፈንታዬ አልሣቁም። «እናቱ በሕይወት አሉ? እሰይ። እሳቸውን ይጥራ።»

ለቀልድ ብሎ ደወለ፤ ሁሉም እንዲሰማም ድምፁን ከፍ አደረገው። እናቱ እመት ሱልጣና የሊቢያዋ ትሪፖሊ ተወላጅ፣ የሰማንያ ሁለት ዓመት ባልቴት፣ ክፋር ዮና የሚኖሩ ናቸው።

«ጊዶን፣ በልተሃል?» አሉ።

በልቻለሁ ብሎ ነገሩን እንደ ጉድ አጫወታቸው። ከወዲያ ሣቅ አልመጣም።

«መጀመሪያ ስንት አልክ?»

«እማ፣ እንዲህ ቀላል አይደለም፤ ወለሉ...»

«ስንት አልክ?»

«ስድስት።»

«ሴትዮዋን ስጠኝ።»

ሁለቱ ሴቶች በዕብራይስጥ ጥቂት ተንገዳገዱ። እመት ሱልጣና ተስፋ ቆርጠው በዐረብኛ ሲያጉረመርሙ እማማ ፈንታዬ በዐረብኛ መለሱላቸው፤ ሱዳን የውኃ ወረፋ ላይ የለመዱት ዐረብኛ ነው። የትሪፖሊው ከሱዳኑ በብዙ ይለያል፤ ግን ስለ ልጅ ለማማረር በቃ። መጨረሻ ላይ እመት ሱልጣና ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ። «ዋስ ነኝ። የጨመረውንም ይመልሳል። ከእንግዲህ አንድ ሼኬል ቢጨምርባችሁ ከጡረታዬ የምከፍለው እኔ ነኝ!»

ነገሩ ቀልድ አለመሆኑን ከሁሉ በኋላ የተረዳው ጊዶን ነበር።

ማክሰኞ ጠዋት አንዲት ሴራሚክ ነቀለ። «ኦይ፣ ኦይ...» አለ እንደ ልማዱ። እማማ ፈንታዬ ከወጥ ቤት ብቅ ብለው እጃቸውን ስልኩ ላይ አደረጉ። ሦስተኛዋ ኦይ ተዋጠች። ረቡዕ እመት ሱልጣና ራሳቸው ሁለት አውቶቡስ ቀያይረው መጡ፤ ዋስ ሥራውን ማየት አለበት ብለው። መታጠቢያ ቤቱ በር ላይ ወንበር ተደረገላቸውና ቦርሳቸውን ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው ተቀመጡ። ጊዶን ወገቡን ቀና ሲያደርግ «አሞሃል?» ይላሉ። «አላመመኝም፣ እማ።» «እንግዲያው ቀጥል።» በሩም በዚያው ቀን ያለ ምንም ኦይ ተገለበጠ።

ሐሙስ ግን እንግዳ ነገር ሆነ። ጊዶን በማለዳ መጥቶ በሩን ዘግቶ ገባ። ፉጨት የለም፣ ኦይ የለም፣ ነሻማም የለም። እማማ ፈንታዬ ይህን ያህል ዝምታ ለምደው አያውቁምና ተጨነቁ፤ ሁለት ጊዜ በሩ ላይ ጆሯቸውን ለጠፉ። እሱ ወደ መኪናው ወረደ፣ ተመለሰ፣ ታች ካለው ጎረቤት ዘንድ ቆይቶ መጣ። ሊመሽ ሲል በአቧራ ተለውሶ፣ በጆንያ የተሸፈነ ባልዲ ይዞ ወጣ። «ጨረስኩ» አለ። ያኤል የቀረውን ገንዘብ ስትሰጠው ሳይቆጥር ኪሱ ከተተው።

ዓርብ አባ አለነ መጡ። መታጠቢያ ቤቱን አዩ፣ መያዣ ብረቱን ጨብጠው እንደ ባለ ሙያ ወዘወዙት። አልነቃነቅም አላቸው። ገቡና በሩን በራሳቸው እጅ ዘጉ። እማማ ፈንታዬ በእመት ሱልጣና ወንበር ላይ ተቀምጠው አዳመጡ። ውኃው ወረደ። ትንሽ ቆይቶ የአባ አለነ ድምፅ በግዕዝ፣ ወንዝ ዳር ይሉት የነበረውን ጸሎት ሲል ተሰማ። እማማ ፈንታዬ አለቀሱ። ደስ ብሏቸው ነው ያለቀሱት፤ መደበቅም አላሰኛቸው። አባ አለነ ነጭ ልብሳቸውን ለብሰው ሲወጡ «ወንዙ እኮ ቤት ድረስ መጣልኝ» አሉ።

እሑድ ከታች ያለው ጎረቤት ባራክ አንድ የዛገ ቱቦ ይዞ አንኳኳ። ጊዶን ግቢ ውስጥ ረስቶት ነው የሄደው። ቀዳዳው ጣት ያስገባል፤ ከአንዱ ጎን ጨርሶ ተበልቷል። ባራክ እንደተናገረው ጊዶን ሐሙስ ዕለት ግድግዳውን ሲከፍት ዋናው ቱቦ እንዲህ ሆኖ አገኘው፤ ከእማማ ፈንታዬ ቤት አንሥቶ እስከ ባራክ ጣሪያ ድረስ በአዲስ ቀየረው፤ ለማንም እንዳትናገር ብሎም አስጠነቀቀው።

አባ አለነ ቱቦውን ተቀብለው በጥፍራቸው ጫሩት። ለብረት ሲሆን ቃላቸው ቃል ነው። «ይኸ ብረት ከሞተ ቆይቷል። ክረምቱን አይዘልቅም ነበር» አሉ። ከዚያ ቀና ብለው፣ «ይኸን አይቶ ዝም አለ? እኔ አልችልም ነበር!»

እማማ ፈንታዬ ባላቸውን ትክ ብለው አዩ። ያኔ አገር ቤት፣ ገበሬ የተሰበረ ማረሻ ይዞ ይመጣል፤ በአንድ ቁና እህል ይስማማሉ፤ አለነ ብረቱን ከእሳት አውጥቶ ራሱን ይነቀንቃል፤ «ይኸን ማን ቀጠቀጠልህ?» ይላል፤ ቁናውም ሁለት ይሆናል። ኀምሳ ዓመት ሙሉ ከአንድ ሺፑጽኒክ ጋር ኖረው አሁን ገና ታወቃቸው።

ለዋሱ ደወሉ። እመት ሱልጣናም ነገሩን ያውቁ ኖሯል። «ንገራት ብዬው ነበር። ስንቴ ኦይ ብያለሁ፣ አሁን እውነት ብናገር ማን ያምነኛል አለኝ። ደግሞ ካንቺ ጡረታ ሊወጣ አለ።» ቀጠሉና «ሞኝ ልጅ ነው፣ ግን ልጅ ነው» አሉ።

ሰኞ ጊዶን ተጠርቶ መጣ፤ ፊቱ የተከሳሽ ፊት ነው። እማማ ፈንታዬ መታጠቢያ ቤቱ በር ላይ አቆሙት። ግድግዳውን በጣታቸው ሁለት ጊዜ አንኳኩና ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ኦይ፣ ኦይ፣ ኦይ! ይኸን ማን ሠራልን?»

ጊዶን ደነገጠ። ከዚያ ቱቦው ጠረጴዛው ላይ፣ አጠገቡም ፖስታ ተቀምጦ አየ። ጆሮው ቀላ። «አይሆንም። ስድስት ብያለሁ፣ ስድስት ነው። ዋጋ ዋጋ ነው!» ይህን ቃል ከጊዶን አፍ የሰማ ሰው በኔታንያ የለም። እማማ ፈንታዬ ፖስታውን ገፉለት፤ እሱ መልሶ ገፋው። ዋሱ ሊጠሩ ግድ ሆነ።

«ተቀበል» አሉ እመት ሱልጣና በስልክ። «እኔም ከዋስነቴ አልወርድም፤ ረቡዕ ረቡዕ እመጣለሁ። በልተሃል?»

አልበላም ነበርና ከአባ አለነ ጋር ተቀምጦ በላ። ሽማግሌው ስለ ብረት፣ እሱ ስለ ፕላስቲክ እያወሩ፣ ያኤል በመሐል እያስተረጎመች ቆዩ። ሊሄድ ሲነሣ ዐይኑ የወጥ ቤቱ ቧንቧ ላይ ዐረፈ። ጠጋ አለ። ከቧንቧው በላይ ያለውን ግድግዳ በጣቱ ሁለት ጊዜ አንኳኳና ጆሮውን ሰጠ።

«ኦይ፣ ኦይ...»

ወዲያው ትዝ አለውና ወደ ስልኩ ዞረ። ስልኩ እማማ ፈንታዬ እጅ ሥር ነበር። እማማ ፈንታዬ ስልኩን አነሡት፣ የወንበራቸው ትራስ ሥር ከተቱት፣ ተመቻችተውም ተቀመጡበት።

«በል ጨርሳት፣ ልጄ» አሉት።